አርጎስን ለማን አደራ ሰጥተኸው ሄድክ?

ቦቢን ለአጎቴ ሰጥቼ ከጋሳይ ወደ ደብረ ታቦር የተመለስኩ ዕለት ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ሰው ሲከፋው ዘፈን ይከፍታል፤ እኔ መጽሐፍ ነው የምፈልገው። ውሻውን በገዛ እጁ ለሌላ የሰጠ ሰው ምን እንደሚሰማው የሚነግረኝ አንድ ገጽ ብቻ። ስልኬ ላይ እስከ ሌሊት ፈለግኩ። ያገኘኋቸው ግን በሙሉ የሚጠብቁ ውሾች ናቸው። ጌታው ይሄዳል፣ ውሻው ይጠብቃል፣ እኛ እናለቅሳለን።

ይህ ጽሑፍ በነዚያ ታሪኮች ላይ ያለኝ ቅሬታ ነው።

መጀመሪያ ቦቢን ላስተዋውቃችሁ። ዘሩን አትጠይቁኝ፣ የሰፈር ውሻ ነው። ድካም የሚባል ነገር አያውቅም። ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመግባቴ በፊት አንድ ሰዓት አብረን እንሮጣለን። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ዳገቷን ከውሻ ጋር መሮጥ ቀልድ አይደለም። ስንመለስ እኔ ደጃፍ ላይ ተዘርፍጬ ትንፋሼን እሰበስባለሁ፣ እሱ «አሁንስ ወዴት ነን?» በሚል ዓይን ያየኛል። የምኖረው አምስት ቤተሰብ በሚጋራው ግቢ፣ አንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ ነው። ስወጣ አስረዋለሁ። ሲታሰር ይጮኻል፣ ገመድ ያኝካል፣ መሬት ይቆፍራል። የሰው ጫማ፣ የሰው እንቁላል፣ የሰው ዶሮ፤ ያልከፈልኩት ካሳ የለም። አምና በቡሄ ዋዜማ ልጆቹ ጅራፍ እያጮኹ ሲመጡ ገመዱን በጥሶ ወጣና አንዱን ሕፃን ገፍትሮ ጣለው። አልነከሰውም፣ ሊጫወት ነበር። ግን ይህን ለልጁ እናት ማን ያስረዳል?

አከራዬ «አንቺ ልጅ፣ ወይ እሱ ይውጣ ወይ አንቺ ውጪ» አሉኝ። ጎረቤቴ ደግሞ ሊረዳኝ ብሎ «በባጃጅ ወስደሽ ከከተማ ውጪ ጣይው፤ ውሻ አይደል፣ ይለምዳል» አለኝ።

«ጣይው» የሚለው ቃል ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። ውሻ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ ያሉን ቃላት ስንት ናቸው? መጣል፣ መሸጥ፣ መስጠት። መጣል ጭካኔ ነው፣ መሸጥ ንግድ ነው፣ መስጠት ደግሞ ደስ ብሎን የምናደርገው ነገር ይመስላል። እኔ ያደረግኩት ከሦስቱም አይደለም።

አሁን ወደ መጻሕፍቱ። የሚጠብቁ ውሾች ሁሉ አባት አርጎስ ነው፣ በሆሜር «ኦዲሴ» ውስጥ ያለው። ኦዲሴዎስ ወደ ትሮይ ጦርነት ሲሄድ ያሳደገውን ውሻ ትቶ ይሄዳል። ከ20 ዓመት በኋላ የለማኝ ልብስ ለብሶ ሲመለስ ማንም አያውቀውም፤ አርጎስ ብቻ ያውቀዋል። ጅራቱን ይወዘውዛል፣ ከዚያ ይሞታል። ኦዲሴዎስ ማንነቱ እንዳይታወቅ እንባውን ደብቆ ይጠርጋል። ይህን ቦታ ያነበበ ሁሉ ስለ ውሻ ታማኝነት ያወራል።

እስቲ ግን አርጎስ የት ተኝቶ እንደሚጠብቅ እንይ። የፍግ ክምር ላይ ነው። ሰውነቱን ተባይ ወርሶታል። በወጣትነቱ የዱር ፍየል፣ አጋዘንና ጥንቸል የሚያባርር ፈጣን አዳኝ ውሻ እንደነበር ሆሜር ራሱ ይነግረናል። ጌታው ስለሌለ የሚያየው ሰው ጠፋ። እዚህ ጋ ነው የኔ ጥያቄ፦ ኦዲሴዎስ ሆይ፣ ውሻህን ለማን አደራ ሰጥተኸው ሄድክ? 20 ዓመት ሙሉ ያ ውሻ «የኦዲሴዎስ ውሻ» ሆኖ ቀረ፤ የማንም ሳይሆን። ታማኝነት ብለን የምናደንቀው ነገር ግማሹ የባለቤቱ ቸልተኝነት ነው። ሆሜር ሁለቱንም አሳይቶናል። አንዱን ብቻ መርጠን ያነበብነው እኛ ነን።

ሃቺኮም እንዲሁ። ፊልሙን አብዛኞቻችን አይተን አልቅሰናል፤ ሪቻርድ ጊር የተወነበት የ2009ኙ ማለቴ ነው። እውነተኛው ሃቺኮ ፕሮፌሰሩ በ1925 ከሞተ በኋላ እስከ 1935 ድረስ ቶኪዮ ሺቡያ ባቡር ጣቢያ ሲመላለስ ኖረ። በነዚያ ዓመታት ግን ሜዳ ላይ አልተጣለም፤ ከቤት ወደ ቤት ተዘዋውሮ በመጨረሻ የፕሮፌሰሩ አትክልተኛ የነበረ ሰው አስጠግቶታል። ጣቢያው በር ላይ ሐውልት የቆመው ለጠበቀው ነው። የመገበውን ሰው ስም ግን ስንቶቻችን እናውቃለን?

ማታውን የፈለግኩትን ገጽ ያገኘሁት ካልጠበቅኩት ቦታ ነው፣ ከጃክ ለንደን «ዘ ኮል ኦፍ ዘ ዋይልድ»። በ1903 የወጣ መጽሐፍ ነው። ባክ የሚባለው ትልቅ ውሻ ከሞቀ ቤቱ ተሰርቆ ይሸጥና በሰሜን በረዶ ውስጥ ሸርተቴ ጎታች ይሆናል። ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ነው የምናየው። ከባለቤቶቹ መካከል ፍራንሷ የሚባል ውሻ ነጂ አለ፤ ኃይለኛ ነው፣ ግን ሥራውንም ውሾቹንም ያውቃል። አንድ ቀን የመንግሥት ትእዛዝ ይመጣና ውሾቹን ለሌላ ማስረከብ ግድ ይሆንበታል። ባክን ጠርቶ አቅፎ ያለቅሳል። በቃ። ከዚያ ወዲያ ፍራንሷን በመጽሐፉ ውስጥ አናገኘውም፤ ባክ አዲስ ሰው ይዞ መንገዱን ይቀጥላል።

መጀመሪያ ሳነበው ተናደድኩ። ለዚያ ሁሉ ልቅሶ ይቺ ታህል ቦታ? ደግሜ ሳነበው ግን ለንደን ልክ እንደሆነ ገባኝ። ታሪኩ የባክ ነው። የሰጪው ሐዘን እውነት ነው፣ ግን የውሻው ሕይወት በሙሉ በሰጪው ሐዘን ዙሪያ አይዞርም። ለንደን የመጥፎውን አሰጣጥ መልክም ያውቃል፤ በ1906ቱ «ዋይት ፋንግ» ውስጥ ግሬይ ቢቨር ውሻውን በአረቄ ጠርሙስ ይለውጠዋል። ሁለቱም ውሻቸውን ለሌላ አሳልፈዋል። ልዩነቱ ፍራንሷ አልቅሶ መስጠቱ ብቻ አይደለም፤ ግሬይ ቢቨር የሸጠው ጥሙን ሊቆርጥበት ነው።

ከሁሉም የከበደኝ የኩትሲ «ዲስግሬስ» ነው፣ የ1999 የቡከር ተሸላሚ። ሉሪ የተባለው የተዋረደ ፕሮፌሰር የገጠር የእንስሳት ክሊኒክ ውስጥ ፈላጊ ያጡ ውሾች ሲገደሉ ይረዳል፤ ሬሳቸው እንዳይንገላታ ራሱ ወስዶ ያቃጥላል። በመጨረሻ የሚወደውን፣ እግሩ የሰለለ ውሻ ለመርፌው ያቀርባል። አንድ ሳምንት ሊያቆየው ይችል ነበር። ብዙ አንባቢ ይህን እንደ ትልቅ የፍቅር ሥራ ያነበዋል። እኔ አልተስማማሁም። ሉሪ ውሻውን የሚቀበል ሰው ሲፈልግ አላየሁትም። ኩትሲ ተቀባይ የሌለበት ዓለም ሠርቶ «መስጠት» ምን ያህል ባዶ ሊሆን እንደሚችል አሳየን፤ ይህን አደንቃለሁ። ግን ያንን ባዶነት ቅድስና ብዬ አልጠራውም።

እኛ ጋ ለዚህ አንድ ቃል አለን፦ አደራ። አደራ ተቀባይ ይፈልጋል። የሰጠውንም የተቀበለውንም ያስራል፤ «አደራ በላ» ከባድ ስድብ የሆነው ለዚህ ነው። አጎቴ ጉና ተራራ ሥር ገብስና ድንች ያመርታል፣ በጎችም አሉት። ቦቢን ይዤ ስደርስ ዞር ዞር ብሎ አየውና «ይኼማ ሥራ ፈት ሆኖ ነው የተበላሸው» አለ። «አጎቴ፣ አደራ» አልኩት። «አደራሽን ተቀብያለሁ፣ ልጄ» አለኝ። ቦቢ ገመዱ ሲፈታለት ወደ ዳገቱ ተፈተለከ። ዞር ብሎ ያየኝ እንደሆነ ለማየት ቆሜ ነበር። አላየኝም።

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» እንላለን። ለአጎብዳጅ ሰው የምንወረውረው ተረት ነው። ያን ሰሞን ግን ለኔ መጽናኛ ሆነኝ። ከአርጎስም ከሃቺኮም ይልቅ ተረቱ ውሻን ያውቀዋል፦ ውሻ አዲስ ቤት ሊያገኝ ይችላል፣ ያንንም ቤት ሊወደው ይችላል። የሚያመውም ይኸው ነው። ያለኔ መኖር ይችላል ማለት ነዋ።

ከአራት ወር በኋላ ልጠይቀው ሄድኩ። ከአጥሩ ገና ሃያ እርምጃ ሲቀረኝ ጥርሱን አግጦ እየጮኸ መጣብኝ። በበላበት ጮኸ። ስሙን ስጠራው ቆመ፣ አሸተተኝ፣ ከዚያ ደረቴ ላይ ዘሎ ጭቃ በጭቃ አደረገኝ። ትንሽ ቆይቶ ከላይ በጎቹ ሲንጫጩ ጆሮውን ቀስሮ ትቶኝ ሮጠ። አጎቴ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ አቀረበልኝ። እያለቀስኩ በላሁ፣ እሱም ያላየ መሰለ።