ኮምጣጤ የሚያጸዳውና የማያጸዳው

ኮምጣጤ ሁለት ጊዜ የተብላላ ፈሳሽ ነው። መጀመሪያ እርሾ የፍሬውን ስኳር ወደ አልኮል ይለውጣል፤ ቀጥሎ አሴቶባክተር የሚባሉ ባክቴሪያዎች አየር እያገኙ አልኮሉን አሴቲክ አሲድ ያደርጉታል። ጠላ ሰንብቶ ሲኮመጥጥ የሚሆነውም ይኸው ሁለተኛው ደረጃ ነው፤ የኮምጣጤ ስም የወጣውም ከዚያው ግስ ነው። የአዲስ አበባ ሱቅ ከጣልያንኛ በወረሰው ቃል አቼቶ ይለዋል። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ በታኮማ ፓርክና በሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ሐበሻ ደግሞ ከፖም የተሠራውን ቡናማውን «አፕል ሳይደር» ብሎ ይገላገላል።

አሜሪካ ውስጥ ኮምጣጤ ተብሎ የሚሸጥ ነገር ቢያንስ 4 በመቶ አሲድ ሊኖረው ይገባል፤ አብዛኛው ጠርሙስ ላይ የሚነበበው 5 በመቶ ነው። የሚያጸዳው ይህ 5 በመቶ እንጂ ፖሙ አይደለም። ቡናማው ቀለም፣ ከፍሬው የተረፈው ጥቂት ስኳር፣ ከጠርሙሱ ሥር የሚዘቅጠውና «እናት» የሚባለው ድር መሳይ ነገር ለጽዳቱ አንዳች አይጨምሩም። እንዲያውም መስታወት ላይ የደበዘዘ ዱካ ይተዋሉ፤ ነጭ ጨርቅም ሊያቀልሙ ይችላሉ። ለመወልወያ ኮምጣጤ የሚገዛ ሰው ርካሹን ነጩን ቢገዛ ይሻለዋል።

በቤት ለሚሠራው ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። በታኮማ ፓርክ ሎረል ጎዳና ላይ ከ1983 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እሑድ እሑድ የገበሬዎች ገበያ ይቆማል፤ መከር ሲደርስ ፖም ይሞላዋል። የሚጣለው ልጣጭና እምብርት በሰፊ አፍ ማሰሮ ይጨመራል፤ በአንድ ኩባያ ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር ተበጥብጦ ይፈስበታል፤ አፉም በስስ ጨርቅ ይታሰራል። ልጣጩ ከውሃው በላይ ብቅ ካለ ይሻግታልና በየቀኑ ማማሰል ወይም ንጹሕ ክብደት መጫን ያስፈልጋል። ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ ይጠለልና ጨርቁ እንደታሰረ ሌላ ሦስት፣ አራት ሳምንት ይቀመጣል። ጠጅ የሚጥል ሰው የሚጠነቀቀው አየር እንዳይገባ ነው፤ እዚህ የሚፈለገው አየሩ ነው። የጠጅ ጣይ ጥፋት እዚህ ሙያ ይሆናል። የቤት ኮምጣጤ የአሲድ መጠኑ ስለማይታወቅ አትክልት ለማቆየት አይታመንም፤ ለጽዳት ግን ይበቃል።

የኮምጣጤ ዋናው ሥራ ኖራ ማሟሟት ነው። የአካባቢው የቧንቧ ውሃ በአብዛኛው ከፖቶማክ ወንዝ ይቀዳል፤ ወንዙ የኖራ ድንጋይ ባለበት አገር አልፎ ስለሚመጣ ካልሲየም ይዟል፤ ሻይ ማፍያው ሥር የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ከዚያ የመጣ ነው። ግማሽ ኮምጣጤ፣ ግማሽ ውሃ አፍልቶ ለግማሽ ሰዓት መተው ነው፤ አሲዱ ቅርፊቱን ሲበላው አረፋ ይታያል። ከዚያ ንጹሕ ውሃ ሁለት ጊዜ አፍልቶ መድፋት ሽታውን ያጠፋዋል። ዕቃው ስለሚታጠብ እዚህ ቡናማው ከነጩ እኩል ይሠራል። ብዙዎች ኃይል ይጨምራል ብለው ቤኪንግ ሶዳ ይቀላቅሉበታል። አረፋው ያምራል፤ ግን አሲዱና ሶዳው እርስ በርስ ተጠፋፍተው የሚቀረው ጥቂት ጨው ያለበት ውሃ ነው።

ታኮማ ፓርክ «ተፈጥሯዊ» የሚለው ቃል ክብር ያለው ከተማ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ሣር ለማሳመር ብቻ የሚረጩ መድኃኒቶችን በግል ግቢ ሳይቀር የሚገድብ ሕግ አውጥቷል። ተፈጥሯዊ ማለት ግን የማይጎዳ ማለት አይደለም። ይህን ለመረዳት እንዶድን ማስታወስ ይበቃል፦ ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ያስተዋሉት ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው መገኘታቸውን ነበር። ኮምጣጤም ኖራን የሚበላው የሻይ ማፍያውንና የወለሉን ለይቶ አይደለም። እምነበረድ ላይ ከፈሰሰ ወዙን ይገፈዋል፤ ከብረት ድስት የዘይቱን ልባስ ነቅሎ ያዝገዋል። ጀበናና የሸክላ ምጣድ ፈሳሽ ስለሚመጥጡ ሽታውን ይዘው ይቀራሉ፤ ለእነሱ ሙቅ ውሃ ይበቃል።

ስለ ሽታ የሚነገረውም ግማሹ ብቻ እውነት ነው። የዓሣ ሽታ ከአሲድ ጋር ስለሚዋሃድ ኮምጣጤ ይቀንሰዋል። አፓርታማውን የሚያውደው የቁሌት ሽታ ግን ሌላ ዓይነት ነው፤ ኮምጣጤ ማፍላት ሽታው ላይ ሌላ ሽታ መደረብ ነው። መስኮት መክፈት ይሻላል።

ከሁሉም የሚከፋው ስህተት ያለው ዶሮ በሚታጠብበት ገንዳ ዙሪያ ነው። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ጥሬ ዶሮ አይታጠብ ይላል፤ ፍንጣሪው ባክቴሪያ ያዛምታልና። በሎሚና በጨው ያልታሸ ዶሮ ወጥ ድስት ውስጥ እንዲገባ የሚያሳምን ምክር ግን ገና አልተገኘም። ስለዚህ ከአጠባው በኋላ ገንዳው መጽዳት አለበት፤ ኮምጣጤ ደግሞ ሳልሞኔላን እንደሚገድል አይታመንበትም። መጀመሪያ በሳሙናና በሙቅ ውሃ መፈተግ፣ ቀጥሎ በአንድ ጋሎን ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ በረኪና በጥብጦ ማዳረስ ነው። በዚያ ገንዳ ላይ ኮምጣጤ መጨመር አደገኛ ነው፤ በረኪናና አሲድ ሲገናኙ ሳንባ የሚያቃጥል የክሎሪን ጋዝ ይወጣል።

ቡናማው ከነጩ የሚበልጥበት ሥራም አለ። በበጋ ሙቀት ሊጥ በሚቦካበት ቤት ትንኝ ይሰፍራል፤ ትንኙ የሚፈልገው የበሰለና የሚብላላ ፍሬ ሽታ ስለሆነ ነጩ ኮምጣጤ እንደ ፖሙ አይስበውም። አንድ ጣት የፖም ኮምጣጤ በብርጭቆ፣ አንድ ጠብታ የዕቃ ሳሙና ጨምሮ ከቡሃቃው አጠገብ ማኖር ነው። ሳሙናው የፈሳሹን ገጽ ስለሚያላላው ያረፈው ትንኝ ይሰምጣል። ብርጭቆው በየሁለት ቀኑ ይቀየራል።