መሣሪያን መውደድና ምርምርን መውደድ

ልጆቼ ሆይ፤ በመምህርነቴ ዘመን እንዳየሁት፥ በሲናና ኮምባይነር ስንዴ ሲያጭድ ቆሞ የማያደንቅ ወጣት ጥቂት ነው። ማድነቁን አልነቅፍም፤ የምነቅፈው ፍቅሩ ከመሣሪያው አልፎ እስከ ምርምሩ አለመድረሱን ነው።

ዲገሉ የተባለው የስንዴ ዘር ዩጂ 99 የሚባለውን የግንድ ዋግ ይቋቋም ነበር። በ2006 ዓ.ም. ግን በባሌ ሌላ የዋግ ዝርያ ተነሥቶ ዲገሉ የተዘራበትን ማሳ ክፉኛ ጎዳው። ያን ጊዜ ኮምባይነር ምን ይረዳል? የሚያስፈልገው፥ በአገዳው ላይ ያለውን ቀይ ብናኝ አይቶ፥ «ትናንት የቻለው ዛሬ ስለ ምን ተሸነፈ?» ብሎ የሚመረምር ሰው ነበር። በሲናና የግብርና ምርምር ማዕከል የሚደከመውም ለእንዲህ ያለው ጥያቄ ነው።

መሣሪያ በገንዘብ ይገዛል፤ የመመርመር ልማድ ግን በትጋት እንጂ በሌላ አይገኝም። ስለዚህ ኮምባይነሩ ከመምጣቱ አስቀድሞ ወደ ማሳው ገብታችሁ አገዳውን ተመልከቱ።