ከቴክኒክና ሙያ ወደ ኢንጂነሪንግ፦ ክፍተቱ የት ጋ ነው?

ከባቲ ኮምቦልቻ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኮምቦልቻ ላይ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለ። በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ኤሌክትሪክ ተምሮ ደረጃ 4 የጨረሰ የባቲ ልጅ «ኢንጂነሪንግ ልቀጥል» ሲል ግን ይቺ አጭር መንገድ ትረዝምበታለች።

በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። እንዲህ ሲሆን ቤተሰቡም ጎረቤቱም «ኮሌጅ ግባ፣ ዲግሪውን ቀስ ብለህ ትደርስበታለህ» ይላል። ምክሩን አልጠላውም። የሚያናድደኝ ኮሌጁና ዩኒቨርሲቲው ሳይነጋገሩ ልጁን መሃል ላይ መተዋቸው ነው።

እስቲ በአንድ ሞተር እንየው። ትልቅ የሦስት ፌዝ ሞተር፣ ለምሳሌ የውሃ ፓምፕ፣ በቀጥታ ከመስመር ጋር ከተገናኘ ሲነሳ ከመደበኛው ከ5 እስከ 8 እጥፍ ከረንት ሊስብ ይችላል። ስለዚህ በስታር ይነሳና ወደ ዴልታ ይዛወራል። በስታር ጊዜ እያንዳንዱ ጥቅል የሚያገኘው ቮልቴጅ ለ3 ስኩዌር ሩት ይካፈላል፤ ከመስመሩ የሚሳበው ከረንት ደግሞ በዴልታ ቢነሳ ከሚስበው አንድ ሦስተኛ ይሆናል። የኮሌጁ ልጅ ሦስቱን ኮንታክተርና ታይመሩን ዓይኑን ጨፍኖ ያገናኛል (እናንተ አትጨፍኑ)። እኔ ቀመሩን ሰሌዳ ላይ አረጋግጬ ነው ያለፍኩት፤ ኮንታክተር በእጄ የያዝኩት ከተመረቅኩ በኋላ ነው።

ታይመሩስ ስንት ሴኮንድ ይሞላ? ብዙ ባለሙያ በልምድ ይሞላዋል፣ አብዛኛውን ጊዜም ይሠራል። ግን በስታር ጊዜ ቶርኩ፣ ማለትም የማሽከርከር ጉልበቱ፣ እሱም ወደ አንድ ሦስተኛ ይወርዳል። ጭነቱ ከበድ ካለ ሞተሩ ፍጥነት ሳይዝ ይዛወርና የሸሸነው ከረንት ተመልሶ ይመጣል። ጊዜውን በስሌት ለማወቅ ከሞተሩ ቶርክ ላይ የጭነቱን መቀነስ፣ ከዚያ ፍጥነቱ ትንሽ ትንሽ ሲጨምር እያንዳንዷ ጭማሪ የምትፈጀውን ጊዜ መደመር ነው። ይሄ ኢንቴግራል ይባላል። ክፍተቱ እዚህ ጋ ነው።

አሜሪካ ውስጥ በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ጀምረው ኢንጂነር የሆኑ ኢትዮጵያውያን አሉ። እዚያ ብዙ ኮሌጆች ከዩኒቨርሲቲዎች ጋር ስለተስማሙ ኮሌጅ የተወሰደ ካልኩለስና ፊዚክስ ይቆጠራል፤ ሁለት ዓመት ተምሮ ሦስተኛ ዓመት መግባት ይቻላል። በመሃል ክሬዲት የሚጠፋበት ተማሪ እዚያም አይጠፋም። የእኛ ሥልጠና ግን ለሥራ የተቀረጸ ነው፤ ሲኦሲም የሚጠይቀው «ሠርተህ ታሳያለህ ወይ?» ብሎ ነው። ጥያቄው ትክክል ነው። ችግሩ፣ ልጁ ዲግሪ ሲጀምር የሚቆጠርለት ካልኩለስ የለውም፣ የእጁን ሙያ ደግሞ የሚቆጥርለት የለም። ብዙውን ጊዜ ከአንደኛ ዓመት ይጀምራል።

ባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ በ1955 ዓ.ም. ሲከፈት የቴክኒክ ባለሙያ ማሠልጠኛ ነበር። በ1992 ከመምህራን ኮሌጁ ጋር ተዋህዶ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ ዛሬ እስከ ዶክትሬት ድረስ ኢንጂነሪንግ ይሰጣል። ተቋሙ ራሱ ከወርክሾፕ ተነስቶ እዚህ ደርሷል። ተማሪው ለምን አይችልም? 50 በመቶ ላልሞላላቸው የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ሪሜዲያል ተከፍቷል። ለደረጃ 4 ምሩቅ የአንድ ዓመት ሒሳብና ፊዚክስ፣ ከወርክሾፕ ኮርስ ነፃ ከመደረግ ጋር፣ ከዚያ የሚከብድ አይመስለኝም።

እስከዚያው ኮሌጅ ያላችሁ ልጆች የ12ኛ ክፍል ሒሳብ መጽሐፍ ፈልጉ። ካልኩለሱ እዚያ አለ፤ ታይመሩ ደግሞ እጃችሁ ላይ ነው።