ፊልም ያልደረሰላት ተዋናይት፦ አስናቀች ወርቁ ከሸክላው ባሻገር

አስናቀች ወርቁ ስትነሣ ክራሯም አብሯት ይነሣል። ስሟን ከሬዲዮ የምንሰማው ዘፈኗ ሊለቀቅ ሲል ነው፤ ባሕር ማዶ ያሉ አድማጮችም ያወቋት በፍራንሲስ ፋልሴቶ አዘጋጅነት የታተመው «ኢትዮፒክስ» የተባለው የሙዚቃ አልበሞች ተከታታይ 16ኛ ቅጹን ለብቻዋ ስለሰጣት ነው። ሙያዋን ከመነሻው ለሚከታተል ሰው ግን አስቀድማ የምትገኘው ተዋናይቷ ናት። በ1945 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት መድረክ «የፍቅር ጮራ» በተባለው ተውኔት የሴት ገጸ ባሕርይ ሆና ስትወጣ፣ ያንን ቦታ ሲሸፍኑ የኖሩት ወንዶች ነበሩ። ኋላም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር ለረዥም ዓመታት ተውናለች። ታዲያ ተዋናይቷ በዘፋኟ ጥላ ሥር የቀረችው እንዴት ነው? የተለመደው መልስ ዘፈኗ ከትወናዋ ስለሚበልጥ ነው የሚል ነው። በእኔ እምነት ግን ምክንያቱ በመቅጃ መሣሪያው ታሪክ ውስጥ ይገኛል። ድምፅ የሚያስቀሩት ሸክላና ካሴት ደረሱላት፤ ትወና የሚያስቀረው ፊልም አልደረሰላትም። እኛም የተረፈልንን ይዘን፣ የተረፈው እሷ ራሷ ናት ብለን ፈረድን። ይህ እውነት ከሆነ የጠፋው ትወናዋ መፈለግ ያለበት በተረፈው ድምፅዋ ውስጥ ነው።

ነገሩን ለመረዳት የዓባይን ውኃ የምትጋራንን የግብፅን አንዲት እኩያዋን ማስታወስ ይበቃል። የፊልም ተዋናይቷ ፋተን ሐማማ የተወለደችው በ1931 እ.ኤ.አ. ነው፤ አስናቀችም በዚያው አሥርት ዓመት አጋማሽ ገደማ አዲስ አበባ፣ ስድስት ኪሎ አካባቢ እንደተወለደች ይነገራል። የአንድ ትውልድ ልጆች ናቸው። በ1935 እ.ኤ.አ. ካይሮ ላይ የባንክ ሚስር ገንዘብ ያቋቋመው ስቱዲዮ ሚስር ተከፈተ፤ በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ላይ፣ ጣሊያን ጦር ሰብቆ ድንበር ላይ በቆመበት ሰዓት፣ በመኮንን ሀብተ ወልድ መሪነት የሀገር ፍቅር ማኅበር ተመሠረተ። በአንዱ ከተማ የፊልም ማምረቻ፣ በሌላው ሕዝብን ለአርበኝነት የሚቀሰቅስ መድረክ ማለት ነው። ፋተን በ1940 እ.ኤ.አ. ገና በልጅነቷ ከዘፋኙ ሙሐመድ አብዱልወሃብ ጋር ካሜራ ፊት ቆመች፤ በ1959 እ.ኤ.አ. ሄንሪ ባራካት እሷን ይዞ ያዘጋጀውን ፊልም ዛሬ የሚያይ ተመልካች ዓይኗን መቼ እንደሰበረች፣ ዝምታዋን ስንት ጊዜ እንዳራዘመች ቆጥሮ መከራከር ይችላል። የአስናቀችን ዝምታ ግን ማን ይቆጥራል? የመጀመሪያው ባለ ሙሉ ርዝመት የአማርኛ ፊልም «ሂሩት አባቷ ማነው?» በ1957 ዓ.ም. ሲወጣ እሷ መድረክ ላይ ከአሥር ዓመት በላይ ሠርታ ነበር። «ጉማ» የተባለው ፊልም የመጣው ደግሞ በ1966 ዓ.ም.፣ የአብዮቱ ዋዜማ ላይ ነበር።

ፊልም ቤት አልነበረም ማለት አይደለም። የውጭ ፊልም የሚያሳዩ አዳራሾች ነበሩ፤ ያልነበረው የራስን ሰው ቀርጾ የሚያስቀር ስቱዲዮ ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር ሕንጻ ዕጣ ይህንን በደንብ ይናገራል። ሕንጻው በወረራው ዘመን ጣሊያኖች «ሲኒማ ማርኮኒ» ብለው የጀመሩት ነበር። በ1948 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ኢዮቤልዩ ተጠናቆ ሲመረቅ ግን ለተውኔት ዋለ፤ መክፈቻውም የቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦሪዮን» ሆነ። ለፊልም የታሰበው አዳራሽ ለሕያው ተዋናይ መሰጠቱ ለኢትዮጵያ ድራማ ትልቅ ትርፍ ነበር። ለትዝታችን ግን ኪሳራ ነበረው፤ በዚያ መድረክ ላይ የተሠራው ሁሉ መጋረጃው ሲዘጋ አብሮ ይዘጋ ነበርና።

አንዲት ሴት የሴትን ገጸ ባሕርይ መጫወቷ ዛሬ እንደ ተራ ነገር ይታያል። በዚያ ዘመን ግን የተውኔቱን ትርጉም ራሱን የሚለውጥ ነበር። ወንድ ተዋናይ ነጠላ አጣፍቶ፣ ድምፁን አቅጥኖ ሲወጣ ተመልካቹ የሚያየው ሴትን ሳይሆን የሴትን ምልክት ነው፤ ልቅሶው እንኳ ከሳቅ የራቀ አይሆንም። ሴቲቱ ራሷ ስትቆም ግን በወረቀት ላይ «ሚስት» ወይም «እናት» ተብላ የተጻፈችው ገጸ ባሕርይ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ሊነበብ የሚችል ሰው ሆነች። እዚህ ላይ የሚነሣ ጠንካራ ተቃውሞ አለ፦ ሴት አዝማሪዎች ከጥንት ጀምሮ በሕዝብ ፊት ሲጫወቱ ኖረዋል፤ ስለዚህ አስናቀችን «ፋና ወጊ» ማለት የእነርሱን ታሪክ መደምሰስ ነው። ተቃውሞው እውነት አለው። ነገር ግን ክርክሬን ከማፍረስ ይልቅ ያጠነክርልኛል። አዝማሪዋ የምትጫወተው በራሷ ስም፣ በራሷ ግጥም፣ ፊት ለፊቷ ለተቀመጠ ሰው ነው። አዲሱ ነገር አንዲት ሴት ሌላ ሰው የጻፈውን ገጸ ባሕርይ ለብሳ፣ በተቋም ውስጥ መሥራቷ ነበር። አስናቀች ከሁለቱም ወገን ነበረች። ክራርን ከበገና አሳንሶ «የሰይጣን መሣሪያ» የሚለው ኅብረተሰብ ክራር የያዘችን ሴት ከመጠጥ ቤት ጋር አያይዞ ነበር የሚያያት፤ መድረክ የወጣችውንም በዚያው ዓይን። ሁለት ስም የሚያጠፋ ሙያ በአንድ ሰው ላይ ተደራርቧል። ይህንን ድርብ ንቀት ተቋቁማ መቆየቷ ብቻ ታሪኳን ያስከብረዋል። ታሪኳ ግን ከጽናትም በላይ የሙያ ብልሃት አለበት።

ሌላው ተቃውሞ የመጣው ከቲያትር ሐያሲዎች ወገን ነው። የዘመኑ ተውኔት ምክርና ተግሣጽ የበዛበት፣ ገጸ ባሕርዮቹ የደራሲው አፍ የሆኑበት ስለነበር ከዚያ ውስጥ የትወና ጥበብ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው ይላሉ። የታተሙትን ተውኔቶች ላነበበ ሰው ይህ ፍርድ የሚገርም አይደለም። ግን የተተቸው ጽሑፉ እንጂ ትርኢቱ አይደለም። ጽሑፉ ስብከት በሆነ መጠን ሰው የማድረጉ ሥራ በተዋናዩ ጫንቃ ላይ ይወድቃል። በደካማ ጽሑፍ የተነሣ ጥሩ ተዋናይ ጠፋ ማለት የግብፅን ወይም የህንድን የ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሜሎድራማ ለሚያውቅ ተመልካች አያሳምንም፤ የእነዚያ ፊልሞች ንግግር ከእኛ ተውኔቶች ብዙ የተሻለ አልነበረም፣ ተዋናዮቻቸው ግን ዛሬም ይታያሉ።

ወደ ተረፈው ማስረጃ እንምጣ። «እንደ ኢየሩሳሌም» የተባለው ዘፈኗ የተሳላሚን ሥርዓት ወስዶ ወደ ተወዳጁ ሰው ፊት ያዞረዋል፤ ሰው ደጀ ሰላም ደርሶ ግድግዳውን እንደሚሳለም፣ ዘፋኟም የኢየሩሳሌምንና የአክሱም ጽዮንን ክብር ለወዳጇ ገጽታ ትሰጣለች። በወረቀት ላይ ብቻ ቢቀር ድፍረቱ ወይ ወደ ዋዛ ወይ ወደ ክህደት ያጋድል ነበር። በድምፅዋ ውስጥ ግን ሁለቱም አይሆንም። ክራሩ ጥቂት ነው፤ ጣቶቿ ቦታ ይለቃሉ። የሐረጉን መጀመሪያ ከፍ አድርጋ እንደ ተማጽኖ ትይዘውና መጨረሻው ላይ ድምፅዋን ወደ ንግግር ታወርደዋለች፤ ያን ጊዜ ተሳላሚዋ ጠፍታ አንዲት የምትስቅ ይሁን የምታዝን የማይለይ ሴት ብቅ ትላለች። ይህ በዜማ ትምህርት የሚገኝ ነገር አይደለም፤ ተመልካች ፊት ቆሞ ገጸ ባሕርይን ከአንድ ስሜት ወደ ሌላ ማሻገርን ያወቀ ሰው ሥራ ነው።

«ይህ እኮ የማንኛውም ጥሩ ዘፋኝ ችሎታ ነው» የሚል ይኖራል። መልሱ በቲያትር ቤቶቹ የዝግጅት ልማድ ውስጥ አለ። በሀገር ፍቅርም ሆነ በኋላ በተከፈተው ቲያትር ተውኔት፣ ሙዚቃና ውዝዋዜ በአንድ ጣሪያ ሥር፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ምሽት ይቀርቡ ነበር። ያው ሰው አንዴ ይተውናል፣ አንዴ ይዘፍናል። «ዘፋኝ» እና «ተዋናይ» ብሎ ለሁለት የሚከፍለው የሸክላ ገበያው ያመጣው ልማድ ነው፤ አሳታሚው የሚሸጠው ድምፅ ስለሆነ ሽፋኑ ላይ ዘፋኝ ብቻ ቀረች። ስለዚህ ዘፈኗን ከትወናዋ ለይቶ «ይበልጣል» ማለት ንጽጽር አይባልም፤ በአንዱ ወገን የሚመዘን ነገር የለምና።

አስናቀች በመስከረም 2004 ዓ.ም. አረፈች። ዋና ባለታሪክ የሆነችበት ፊልም፣ የራሔል ሳሙኤል «አስኒ» ዘጋቢ ፊልም፣ ለተመልካች የቀረበው በ2013 እ.ኤ.አ. ነበር። ካሜራው የደረሰው ታሪኳን ለመናገር እንጂ ትወናዋን ለመቅረጽ አይደለም። ይህ ጉዳይ አዲስ አበባ ላይ ብቻ የሚቀር አይመስለኝም። በትግራይም፣ መቀሌ ላይ፣ በደርግ ላይ በተካሄደው የትጥቅ ትግል ዘመን በባህል ቡድኖች ውስጥ የሴት ገጸ ባሕርይ የተጫወቱ እናቶች ዛሬም በሕይወት አሉ፤ ብዙዎቹ ግን የሚታወቁት፣ ከታወቁ፣ በዘፈናቸው ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በትግራይ የዘለቀው ጦርነት ስንት ካሴትና ፎቶግራፍ እንዳጠፋ የሚነግረን ዝርዝር የለንም። ለትግራይ ባህል ቢሮና ለመቀሌ ዩኒቨርሲቲ የማቀርበው ጥያቄ አጭር ነው፦ ዘፈናቸውን ለመቅዳት ስትሄዱ የተጫወቱትን ገጸ ባሕርይም ጠይቁ፤ አቋቋማቸውን፣ ልብሳቸውን፣ ከማን ጋር እንደተወኑ፣ ተመልካቹ የት ላይ እንደሳቀ ጻፉ። የተውኔቱን ጽሑፍ ያስቀመጠ ሰው ካለም ሳይውል ሳያድር ቅጂው ይወሰድ።