«ፊት ነው» ባዩ ማነው?

ፊል ማካርቲ እ.ኤ.አ. በ2012 ያቀረበው ፓሬይዶሉፕ የተባለ ፕሮግራም የማንንም ፊት እንዲሥል አልታዘዘም። የሚያውቀው ቅርጽ መጣል ብቻ ነው። በዘፈቀደ ያወጣቸውን ባለብዙ ጎን ቅርጾች ይደራርብና ምስሉን በፎቶ ውስጥ የሰው ፊት ለሚፈልግ ሌላ ፕሮግራም ያቀርባል። ፈላጊው፣ የቀረበለት ነገር ፊት ለመባል ምን ያህል እንደተቃረበ በቁጥር ይመልሳል። ቁጥሩ ከፍ ካለ አዲሱ ቅርጽ ይጸናል፤ ካላለ ይሰረዛል። እንዲህ እየተመላለሱ ሲቆዩ ከግራጫው ድርርብ ውስጥ ግንባር ብቅ ይላል፤ ሁለት ጠቆር ያሉ ጉድጓዶች ጎን ለጎን ይወጣሉ፤ ዝቅ ብሎ አፍ የሚመስል ጥላ ይጋደማል። ቀረብ ብሎ ለመረመረው የሾሉ ማዕዘኖች እንጂ ቆዳም ሥጋም የለም። ራቅ ብለው ሲያዩት ግን ውሃ የነካው የመታወቂያ ፎቶ ይመስላል። የፎቶው ባለቤት በዓለም ላይ የለም።

ሥራውን ከሮጀር አልሲንግ የ2008 ሙከራ ጋር ማስተያየት ይጠቅማል። አልሲንግ ከፊል አሳላፊ በሆኑ 50 ባለብዙ ጎን ቅርጾች ሞና ሊዛን ደረጃ በደረጃ የሚገነባ ፕሮግራም ጻፈ። ዘዴያቸው አንድ ነው፦ መለወጥ፣ መመዘን፣ የተሻለውን ማስቀረት። ይሁንና አልሲንግ ከፊቱ ያስቀመጠው ሥዕል አለው፤ ፕሮግራሙ ምን ያህል እንደተሳካለት ከዳ ቪንቺ ሥራ ጋር አስተያይቶ መናገር ይቻላል። ማካርቲ የሚገለበጥ ሥዕል የለውም። ያለው ዳኛ ብቻ ነው።

ሂሱ ይህን ዳኛ ብዙ ጊዜ ሳያየው ያልፋል። ስለ ጄኔሬቲቭ አርት፣ ማለትም ሥራውን በከፊል ለፕሮግራም ስለሚተው ጥበብ፣ ሲጻፍ ብዕሩ ቶሎ የሚሮጠው ማሽን ይፈጥራል ወይስ አይፈጥርም፣ ዕድል ከደራሲነት ምን ድርሻ አለው ወደሚለው ክርክር ነው። ለእኔ ይህ ክርክር የተንዛዛ ነው። ቅርጽ በዘፈቀደ መጣል ለኮምፒውተር ከሥራ አይቆጠርም። ጥበቡ ያለው በመምረጡ ላይ ነውና ሊመረመር የሚገባው መራጩ ነው፤ ምን ሲያይ አደገ? ምን ሳያይስ ቀረ?

ፊት መፈለግን ለዕለት ተዕለት መሣሪያዎች ካበቁት ዘዴዎች አንዱን ፖል ቫዮላና ማይክል ጆንስ በ2001 አቀረቡ። ዘዴው ራሱ ጂኦሜትሪ ነው። 24 በ24 ፒክሰል በሆነች መስኮት ውስጥ የአራት ማዕዘኖችን ብርሃንና ጥላ ያነጻጽራል። በሥልጠናው ቀድመው የተመረጡት ሁለት መለያዎች፣ አንደኛው የዓይን አካባቢ ከጉንጭ ይበልጥ መጥቆሩን፣ ሁለተኛው ዓይኖቹ በመካከላቸው ካለው የአፍንጫ አጥንት ይበልጥ መጥቆራቸውን ይለካሉ። ዕድሜ፣ ስሜት፣ ማንነት አይጠየቅም። በእንዲህ ያለ ዳኛ ፊት ከቅርጽ የተሠራ መልክ በቅርጽ ይመዘናል፤ የሰው ዓይን የሚጠራው ፍርዱ ካለቀ በኋላ ነው።

ያቺ መስኮት የሠለጠነችው ፊት ለፊት በሚያዩ መልኮች ስለሆነ ጎኑን የሰጠ ሰው ያመልጣታል። በቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ቅዱሳን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ሲሣሉ፣ ክፉዎች አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይን ብቻ በሚያሳይ የጎን መልክ ይሣላሉ። ሠዓሊው ክፉዎቹን በጎን መልክ የሚሥላቸው ፍርዱን ዐውቆ ነው። መስኮቷ ሳታውቅ ትፈርዳለች።

ዳኛው ሰው ሲሆን ነገሩ ይቀላል ማለት ግን አይደለም። የስታቲስቲክስ ሊቁ ሄርማን ቼርኖፍ በ1973 እስከ 18 የሚደርሱ መለኪያዎችን በአንድ የካርቱን ፊት ላይ የሚያሰፍር ዘዴ አሳተመ፤ የፊቱ ዙሪያ ከሞላላ ቅርጾች፣ አፉ ከቅስት፣ ቅንድቡ ከመስመር ይሠራል። የቅሪተ አካልና የማዕድን ናሙናዎች በዚህ ዘዴ ፊት አወጡ። ሰው በፊት ላይ ያለን ጥቃቅን ልዩነት ቶሎ ያያል የሚለው እምነቱ ምክንያታዊ ነበር። የትኛው መለኪያ አፍን፣ የትኛው ቅንድብን እንደሚይዝ የሚደለድለው ግን ተመራማሪው ነው፤ በአደላደሉ አንዱ ድንጋይ ፈገግ ይላል፣ ሌላው ይኮሳተራል። ተመልካቹም ፈገግ ያለውን መውደዱ አይቀርም።

ነገሩ የድንጋይ ፈገግታ ብቻ ቢሆን ባሳቀ ነበር። ጆይ ቡኦላምዊኒ በኤምአይቲ ተማሪ ሳለች የምትሠራበት ፊት ፈላጊ ፕሮግራም ጥቁር ፊቷን አላይ ብሎ፣ ነጭ ጭምብል ስታጠልቅ እንዳያት ተናግራለች። አዲስ አበባ ከተወለደችው ትምኒት ገብሩ ጋር በ2018 ባሳተመችው ጥናት፣ ከፊት ጾታን የሚለዩ የንግድ ፕሮግራሞች ጠቆር ባሉ ሴቶች ላይ እስከ 34.7 በመቶ ሲሳሳቱ፣ ነጣ ባሉ ወንዶች ላይ ከፍተኛው ስሕተት 0.8 በመቶ ሆኖ ተገኝቷል። ጾታን መለየትና ፊትን መፈለግ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ ሁለቱም ግን የሚያውቁት ያሠለጠኗቸውን ፎቶዎች ነው።

የፓሬይዶሉፕን ግራጫ መልኮች የምንመለከተው ይህን ከሰማን በኋላ ነው። ያልኖረ ሰው ያለፈበት በር ለኖረች ሴት ተዘግቶ ነበር። ማካርቲ ያንን በር አልሠራውም፤ በሩ መኖሩን ግን ሥራው ከብዙ ጽሑፍ ይልቅ ያሳያል፣ ግማሹን ብቻ ቢሆንም። የምናየው ዳኛው ያጸደቀውን ነው። እኔ ግድግዳ ላይ ተሰቅለው ማየት የምመርጠው የተሰረዙትንም ጭምር፣ እያንዳንዳቸው ከተሰጣቸው ቁጥር ጋር፣ ዳኛው ከተማረባቸው ፎቶዎች አጠገብ ነው።