በሮም የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ፤ መታደሱና አዲሱ ግብሩ

በሮም ከተማ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተኋላ ያለው፥ «የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ» እየተባለ የሚጠራው ስፍራ፥ በ15ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ ከሲክስቶስ 4ኛ ለመነኮሳት ማረፊያ ተሰጠ። እንግዶቹ መጻሕፍታቸውንና ንባባቸውን ይዘው መጥተው ነበርና ማረፊያው ውሎ አድሮ ትምህርት ቤት ሆነ። ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን ግዕዝን ከነዚሁ መነኮሳት ተምሮ በ1513 ዓ. ም. (እዚህ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) መዝሙረ ዳዊትን አሳተመ። አባ ተስፋ ጽዮንም በ1548 ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ ማሳተም ጀመሩ። ሂዮብ ሉዶልፍ በ1649 አባ ጎርጎርዮስን ያገኛቸው በዚሁ ነው፤ በ1698 ያወጣው የአማርኛ ሰዋስው ያለ እርሳቸው ባልተጻፈም ነበር። አንባቢ ልብ ይበል፤ በዚህ ቤት መምህሩ ኢትዮጵያዊ፥ ደቀ መዝሙሩ አውሮፓዊ ነበር።

በኋላ ዘመን ቤቱ ከሐበሾች ተራቆተ። በ1919 በነዲክቶስ 15ኛ ያንኑ አሮጌ ማረፊያ የኢትዮጵያውያን ኮሌጅ አደረጉት። ተማሪው በዝቶ ቤቱ ስለ ጠበበ፥ ፒዮስ 11ኛ በቫቲካን አትክልት ውስጥ አዲስ ሕንጻ አሠርተው ኮሌጁ በ1930 ገደማ ወደዚያ ተዛወረ። ቤተ ክርስቲያኑም በ20ኛው ምዕት ዓመት ሲታደስ የኋለኛው ዘመን ጭማሪ ተነሥቶ ጥንታዊ መልኩ ተገለጠ።

የድንጋዩ ሥራ የሚነቀፍ አይደለም። የ12ኛው ምዕት ዓመት የእብነ በረድ በር ከነበጉ ሥዕል ተጠብቋል፤ የአባ ተስፋ ጽዮንም የመቃብር ጽሕፈት አለ። ነቀፋው በግብሩ ላይ ነው። አዲሱ ኮሌጅ የወንበሩን አቅጣጫ አዞረው፤ ሊያስተምር ይመጣ የነበረው ሐበሻ አሁን ሊማር ብቻ መጣ። በ1945 በቫቲካን መጽሐፈ ቅዳሴ በግዕዝ መታተሙ የቀድሞውን ሥራ የሚያስታውስ መልካም ነገር ነው፤ ሆኖም መጽሐፍ ማተምና ወንበር ዘርግቶ ማስተማር አንድ አይደሉም። ያ መቃብር ዛሬ የሚጎበኝ ድንጋይ ነው፤ ባለቤቱ ግን በሕይወት ሳሉ የሚጠየቁ መምህር ነበሩ።

እድሳቱ እንዲሞላ የሚጎድለው ሌላ ግንብ አይደለም። ከኢትዮጵያ የመጣ አንድ የቅኔ መምህር፥ ጥቂት የውጭ አገር ተማሪዎች፥ አንድ ዳዊት ይበቃሉ፤ ፖትከንም የጀመረው በዳዊት ነው።