ለሚሳሳት ሰው የተሠራ ቦርድ

በኮድ የሚታዘዘው የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ አርዱይኖ ኡኖ ርዝመቱ ሰባት ሴንቲ ሜትር አይሞላም። ከመርካቶ ተገዝቶ ቡራዩ፣ ሰበታ ወይም ሱሉልታ የሚገባው ብዙውን ጊዜ የቻይና ቅጂ ነው። ቅጂ ቢሆንም ግን የተሰረቀ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 ማሲሞ ባንዚና ባልደረቦቹ በጣሊያኗ ኢቭሪያ ከተማ ሥራውን ሲጀምሩ ንድፉን ለማንም ክፍት አድርገው ለቀቁት፤ የተከለከለው በስሙ መነገድ ብቻ ነው። ያሰቡለት ሰውም መሐንዲስ አልነበረም። ኤሌክትሪክ ነክቶ የማያውቅ የዲዛይን ተማሪ ነበር። ኡኖ እ.ኤ.አ. በ2010 ሲወጣ ይህ አሳቢነት በስሎ ነበር። ቦርዱን አገላብጦ ያየ ሰው የሚያደንቀው ይህንኑ ነው፤ ብዙው ነገር የተቀመጠው ተጠቃሚው መሳሳቱ እንደማይቀር ታውቆ ነው።

ከቺፑ እንጀምር። ኤቲሜጋ 328ፒ 28 እግር አለው። በተለመደው ኡኖ ላይ እግሮቹ አልተበየዱም፤ ሶኬት ውስጥ ተሰክተዋል። 5 ቮልት ብቻ የሚችለው እግር ላይ 12 ቮልት የሰደደ ጀማሪ ቺፑን ያቃጥላል፤ ቦርዱን ግን አይጥልም። በቀጭን ካቻቢቴ አንዴ ከዚህ ጫፍ አንዴ ከዚያ ጫፍ ቀስ እያደረገ ያነሳውና ቡትሎደር (ኮድ ተቀባዩ ትንሽ ፕሮግራም) የተጫነበት ሌላ ቺፕ ይሰካል። በጣም ርካሹ ቅጂ ላይ ይህ ቀርቷል፤ ቺፑ ጠፍጣፋ ሆኖ ቦርዱ ላይ ተበይዷል። ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ገዢ የዋጋው ልዩነት አንዱ ምክንያት የት ላይ እንዳለ ያያል። ዩኤስቢው አጠገብ ደግሞ ትንሽ ፊውዝ አለች። የተሳሳተ ሽቦ ከግማሽ አምፒር በላይ ሲጎትት ትሞቅና መንገዱን ትዘጋለች፤ ስትቀዘቅዝ መልሳ ትከፍታለች። ሳትለወጥ ኮምፒዩተሩን ታተርፋለች።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ከምስር ፍሬ የማትበልጥ አንዲት ካፓሲተር ናት። በቀደሙት ቦርዶች ላይ ኮድ ለመጫን የሪሴት ቁልፉን በትክክለኛዋ ቅጽበት መጫን ግድ ነበር። የቸኮለም የዘገየም ኮምፒዩተሩ «መልስ አጣሁ» ይለዋል። በኋላ ዩኤስቢውን ከሚያስተናግደው ሁለተኛ ቺፕ የሚወጣ አንድ መስመር በ100 ናኖ ፋራድ ካፓሲተር በኩል ከሪሴቱ እግር ጋር ተገናኘ። ኮምፒዩተሩ ግንኙነት ሲከፍት መስመሩ ይወርዳል፤ ካፓሲተሯም አጭር ምት ብቻ ታሳልፋለች። ዋናው ቺፕ እንደገና ይነሳል፣ ቡትሎደሩም አዲስ ኮድ መጥቶ እንደሆነ ለአፍታ ይጠብቃል። መስመሩ እንደወረደ ቢቆይም ካፓሲተሯ የምታሳልፈው ለውጡን ብቻ ስለሆነ ቺፑ ታስሮ አይቀርም። የሰው ጣት የሚስተውን ሥራ ሳንቲሞች የምታወጣ ዕቃ ተረከበችው።

ስለዚህም የመጀመሪያው ቀን አጭር ነው። ቅጂው ሲኤች 340 የተባለውን የዩኤስቢ ቺፕ የሚጠቀም ከሆነና ኮምፒዩተሩ ካላወቀው ድራይቨሩ ይጫናል፤ ከአርዱይኖ ፕሮግራሙ ዝርዝር ኡኖና ፖርቱ ይመረጣሉ፤ «ብሊንክ» የተባለው ኮድ ይላካል። ከ13ኛው ፒን ጋር የተያያዘች አምፖል ቦርዱ ላይ ስላለች ጀማሪው አንድም ሽቦ ሳይነካ የሠራውን ያያል።

የቦርዱ ሠሪዎች ራሳቸውም ተሳስተዋል። ፒኖቹ በ2.54 ሚሊ ሜትር ልዩነት ተደርድረው ሳለ በ7 እና በ8 ቁጥር መካከል ያለው ርቀት 4 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። አላረሙትም፤ ቢያርሙት ከላይ እንዲሰኩ ተብለው የተሠሩ ተጨማሪ ቦርዶች ሁሉ አይገጥሙም ነበር። ሰበታ ላይ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት መኖሩን ለሚያስታውስ ሰው ግን ይህ ስሕተት ጥቅም አለው። የፒኖቹ ቁጥር የታተመው ለዓይን ብቻ ነው፤ ክፍተቷ ግን በጣት ትገኛለች። ከእርሷ ወደ ዩኤስቢው በኩል ከ8 እስከ 13 ይቆጠራል፤ በተቃራኒው ከ7 ወደ 0 ይወረዳል።

ጥሩ ቦርድ ጥሩ አሠራር ይጠይቃል። ገፈርሳን የመሰለ ግድብ አጠገቧ ባላት ቡራዩም ቢሆን በየቤቱ የሚጠበቀው ሮቶ ነው። የሮቶውን ውሃ የሚለካና ፓምፑን የሚያዝ ሥራ እንውሰድ። ክዳኑ ሥር የተገጠመ እርጥበት የሚችል ሴንሰር ድምፅ ይልካል፣ ከውሃው ተመልሶ እስኪመጣም ይጠብቃል፤ የደርሶ መልስ 58 ማይክሮ ሰከንድ አንድ ሴንቲ ሜትር ነው። ጠንቃቃ ሠሪ እዚህ አያቆምም። ድምፅ በ20 ዲግሪ ሙቀት በሰከንድ 343 ሜትር ሲሄድ በ5 ዲግሪ ወደ 334 ይወርዳል። በሱሉልታ የኅዳር ሌሊት ይህ አንድ ሜትር ላይ ከሁለት ሴንቲ ሜትር በላይ ያስታል፤ ስለዚህ የሙቀት መለኪያ ጨምሮ ሒሳቡን ያርማል። ፓምፑን ሮቶው ሲጎድል አስነስቶ ሊሞላ ሲል ያጠፋዋል፤ በአንድ መስመር ላይ ብቻ ቢወስን ውሃው በተወዛወዘ ቁጥር ፓምፑን የሚያበራና የሚያጠፋው ሪሌ ሲንጣጣ ያድራል። ፓምፑ ተነስቶ ውሃው በደቂቃዎች ውስጥ ካልጨመረም የውሃ ፈረቃው አልደረሰም ማለት ነው፤ ባዶውን ዞሮ እንዳይቃጠል ያቆመዋል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ማንም ቁልፍ መንካት የለበትም፤ ኮዱ ቺፑ ውስጥ ስለሚቀመጥ ቦርዱ ከአንድ ሁለት ሰከንድ በኋላ ሥራው ላይ ነው።

እንዲህ ያለ ሥራ ለሙከራ በሚሰካበት ብሬድቦርድና በጃምፐር ሽቦ ከቀረ ግን ገና አላለቀም። ሽቦው መበየድ፣ በቀለም መለየት፣ ጫፉ ላይ ምልክት ማግኘት አለበት፤ ቺፑም ሶኬት ውስጥ መግባት አለበት። ቡራዩ ውስጥ የተሰጥኦ ማበልጸጊያ ተቋም አለ፤ የወጣቶች የፈጠራ ውድድርም በየቦታው ይካሄዳል። በእንዲህ ያለው መድረክ ላይ የሚቀድመው ጥያቄ «ይሠራል ወይ?» የሚለው ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ግን ግማሽ ነው። ኡኖ ለሃያ ዓመት ያህል የተጠራቀመ የሌሎች አሳቢነት ይዞ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ከእርሱ ተነስቶ የሚሠራ ወጣት «ሲበላሽ ሌላ ሰው ከፍቶ ይጠግነዋል ወይ?» ለሚለውም መልስ ቢያዘጋጅ ብድሩን ከፈለ ማለት ነው።